ስለ አንድ የጠፋ ሕዝብ የቀረበ ማመልከቻ

ለጨዋታው ሠሪዎች፣ ካላችሁበት፤
ከደሴ፣ ከፒያሳ ዝቅ ብሎ፣ ከአህመዴ ጌም ቤት።
ጉዳዩ፦ አንድ ሕዝብ ተረስቷልና እንዲጨመርበት።

ሮማን አስገብታችኋል ከነንስሯ፣
ካርቴጅን ከነዝሆኗ፣ ግሪክን ከነጦሯ።
አንድ ግን ጎደለ፤
ከስፔን ደጋ፣ ከብርዱ ላይ የበቀለ፣
ኬልቲቤራውያን የሚሏቸው፣
ስም እንኳ ባዳ ያወጣላቸው።

ሙሔ ሳቀብኝ፦ «ያገርህ ሙት አልቆ ነው ወይ፣
ባሕር ማዶ ተሻግረህ የሰው ሬሳ የምታይ?»
እሱ ሁሌ ሮማ ነው፤ ሁሌ ያሸንፋል፤
ለሰዓት ሃያ ብር ከፍሎ ዓለምን ገዝቶ ይወጣል።

እንግዲህ ዝርዝሩ፦
አንደኛ፣ ብረት ሲያገኙ ቸኩለው አያነጥሩ፤
መሬት ቆፍረው ይቀብሩታል፣
ክረምት ከበጋ ይተዉታል፤
ዝገት ይግባበት ብለው፣ ልፍስፍሱን ይብላ፣
ጠንካራው ይቅር፤ ጎራዴው ከዚያ ኋላ።
ስለዚህ በነሱ ተራ ሰይፍ ቶሎ አይገኝም፤
መጠበቅ የማይችል ተጫዋች ለዚህ ሕዝብ አይመጥንም።

ብረት መቅበርስ ለእኛም እንግዳ አይደለ፤
በዚያ ጥቅምት፣ ከጦሳ ማዶ ከባድ መሣሪያ ሲያጓራ ስለዋለ፣
አህመዴ ስምንት ኮምፒውተር በላስቲክ ጠቅልሎ
ከጓሮ ጉድጓድ ከተታቸው፣ «ደህና ሰንብቱ» ብሎ።
ታኅሣሥ ላይ ቆፈርን። ሦስቱ በሩ፤
አምስቱ ርጥበት ጠጥተው ቀሩ።
ዛሬም የምንጫወተው በነዚያው ነው፤ አንዱ ሲሞቅበት
አፈር አፈር ይሸታል፤ የጓሮው ጠረን አልወጣለት።

ሁለተኛ፣ ባንድ ፈረስ ሁለት ሰው ይወጣል፤
ውጊያው ሲከር አንዱ ወርዶ በእግሩ ይዋጋል።
«ይቺማ የኛ ባጃጅ ናት» አለ ሙሔ፣ «ዳገቱ ሲያቅታት
ከተሳፋሪው አንዱ ወርዶ የሚገፋት።»

ሦስተኛውን እለምናችኋለሁ፤ እንዳትዘሉብኝ፤
ሌላው ሁሉ ይቅር፣ ይህችን ብቻ አስገቡልኝ።
እንግዳ ሲወዳጁ ከነሐስ የሰው እጅ ይቀርጻሉ፤
ግማሹን እንግዳው፣ ግማሹን ባለቤቱ ይይዛሉ።
የልጅ ልጅ ከስንት ዘመን በኋላ በሩን ቢያንኳኳ
ስሙን ማንም አይጠይቅ፤ ነሐስ ከነሐስ ይለካካ።
ከገጠመ «ግባ» ነው፤ ባላንጣ ቢሆን እንኳ ጎሣው፣
አልጋው ያው ነው፣ ራቱ ያው።

ከመጽሐፍ ነው ያነበብኩት፤
ሐርቡ ላይ ነው ግን የነካሁት።
በዚያው ጥቅምት ስንሸሽ፣ እትዬ ዘምዘም የሚሏቸው
ዘጠኝ ነፍስ አስገቡ፤ አንድ ክፍል ነበር ቤታቸው።
ሦስት ሌሊት።
«ስምህ ማን ነበር?» ያሉኝ ስንወጣ ነው፣ መንገድ ላይ ቆመው።
ከሚሴ ደርሰን ኪሴን ስፈትሽ፣ የፔርሙዛቸው ክዳን፤
ሻይ ልጠጣበት እንደያዝኩት ነበር «መኪና ተገኘ» ሲሉን።
አልመለስኩትም። ፔርሙዙ እሳቸው ጋ፣ ክዳኑ እኔ ጋ ነው።
በእናንተ ጨዋታ ሂሳብ፣ ይህ ስንት ነጥብ ነው?

አራተኛ፣ መጨረሻው ደግ አይደለም፤ አልዋሽም፤
ሮማ ኑማንቲያን በግንብ ከባ በረሃብ ጨረሰቻት፤ ያ ሁሉ ሰይፍ አላዳናትም።
«ታዲያ በምን ያሸንፋሉ?» አለ ሙሔ፣ ማውሱን ለቀቀና።
እኔም እዚህ ላይ ነው የቆምኩት፤ ደንቡን አልጻፍኩትም ገና።
ምናልባት ከተማው ወድቆ፣ ካርታው ከጨለመ፣
አንድ ልጅ ግማሽ እጅ ይዞ ከማያውቀው በር ከቆመ፣
ነጥቡ ያን ጊዜ ይቆጠር።

«ላክ» የሚለውን ልጫን ስል መብራት ጠፋ፤
የሙሔ ጦር ከነንስሩ እዚያው ተደፋ።
በጨለማው ትንሽ ዝም ብሎ፣
«ክዳኑ ምን ዓይነት ነው?» አለኝ፣ እንደ ሚስጥር አንሾካሹኮ።
«ቀይ» አልኩት፤ «ጠርዙ ላይ ትንሽ ተሸርፏል።»
«እስከ ሐርቡ» አለ፣ «ስንት ብር ያስከፍላል?»