ይነበባል

አባቴ ማኅተም ቀራጭ ነው፤ ከፖስታ ቤቱ ወረድ ብሎ፣
ጎማ ላይ ፊደል ሲተክል ኖረ፣ ቀኙን ግራ አስመስሎ።
"ረ"ን ከጀርባዋ ያውቃታል፣ "ጸ"ን ከኋላ ያያል፤
ለእኛ የተገለበጠው ለእሱ ቀጥ ብሎ ይነበባል።

የጎዳናው ቢሮ ሁሉ "ጸድቋል" ያለው በእሱ እጅ ነው፤
"ተከፍሏል"ንም እሱ ነው ለሒሳብ ሹም የሸጠው።
ለራሱ መዝገብ ግን አንዴም አንስቶ አልመታባት፤
መስኮቱ ላይ ለናሙና ተሰቅላ ፀሐይ በላት።

የሦስት ወር ኪራይ ተኛብን። መብራት ቆራጩ ሲመጣ
የእናቴ ሀብል ነው የሄደው፤
ከዚያ ወዲህ አንገቷን በነጠላ ትሸፍናለች።
መሳቢያችን እንቢ አያውቅም፦ ሲራክ አጎቴ ለታክሲ፣
ወንድሜ ለስልክ ካርዱ፣
እኔም፣ ለምን እዋሻለሁ፣ ለጫማ። ጣቶች ሲወርዱ
ሲወጡ፣ ማን ምን እንዳነሣ መሳቢያው ብቻ ያውቃል፤
አባቴ ማታ ይከፍተውና "ገበያው ሞተ" ይላል።

እናቴ በእድር በኩል ወይዘሮ አልጣሽን አገኘች፣
ሠላሳ ዓመት ባንክ መርምራ በቅርቡ ጡረታ የወጣች።
"ጓዳዬን ለባዳ ልክፈት?" አለ፣ መቅረጫውን ጥሎ፣
"ገመናዬን ልትመዘግብ? እኔ በቁሜ እያለሁ?" ብሎ።

ማክሰኞ መጣች። ግራጫ ሹራብ፣ የተማሪ ደብተር፤
ዱካ ስባ ከበሩ ሥር ቁጭ አለች፣ ያለ ነገር።
ሦስት ሳምንት ቃል አልወጣትም። ሰው ሲገባ መስመር፣
ሳይገዛ ሲወጣ ነጥብ።
"ምን ትሠራለች?" "ትቆጥራለች።"
"ቆጠራ ብቻ?" ምሳ ሰዓት ላይ የራሷን ዳቦ ትበላለች።

በአራተኛው፦ "ይህች ክቧ ማኅተም በስንት ትሸጣለች?"
"እንደ ሰውዬው ፊት።"
"ጎማዋስ በስንት ትገባለች?"
"ድሮ እንኳ..."
"ድሮን አልጠየቅኩም።"
አባቴ ዝም አለ። በር ላይ አንድ የታክሲ ረዳት
"ሜክሲኮ! ሜክሲኮ!" እያለ አለፈ።

እሷም ትስታለች። "የእጅ ቅርጹ ይቅር፤ ማሽን ይበቃል"
ብላ ጻፈች። አባቴ አልተከራከራትም፤
የወሩን ትእዛዝ አውጥቶ አንድ በአንድ ፊቷ ደረደረው፤
ገሚሱ የእጁን የፈለገ ነበር።
ደብተሯን ከፍታ በቀይ ሰረዘች፤ "ተሳስቻለሁ።"
ዱካዋን ከበሩ ብርድ ወደ ውስጥ ያስገባላት
በዚያን ቀን ነው።

መሳቢያው ቁልፍ አገኘ፤ ቁልፉ ከእናቴ ወገብ ታሰረ።
"የቤቱ ጉሮሮ ሌላ፣ የሱቁ ጉሮሮ ሌላ" ተባለ።
ሲራክ አኩርፎ ሁለት ሳምንት ጠፋ፤
ሲመለስ የሦስት ማኅበር ትእዛዝ በኪሱ ይዞ ነበር፤
ለታክሲው ግን ደረሰኝ ተጠየቀ።

የዱቤው ደብተር ሃያ ሦስት ስም ነበረው። ከወንድሜ ጋር
ከለገሃር እስከ አራት ኪሎ በእግር ዞርን። ዘጠኙ ከፈሉ፣
አንዷ አለቀሰችብን፤ የሌሎቹ ሰፈር ፈርሷል፣
የት እንደገቡ የሚያውቅ የለም። አንዱ ሞቷል።
"እሱን ተዉት" አለ አባቴ፤ ስሙን በራሱ እጅ ሰረዘ፣
ከዚያ ለረጅም ጊዜ ምንም አልቀረጸም።

የወሩ መጨረሻ ላይ አባቴ ደመወዝ ወሰደ፣
በገዛ ሱቁ፣ ከገዛ ሚስቱ፤ ፊርማው ላይ እጁ ራደ።
የስንቱን ፔሮል ማጽደቂያ ሲቀርጽ የኖረ ሰው፣
ስሙን በሠንጠረዥ ሲያየው፣ "ይህን ያህል ነኝ?" አለ፣ ሳቅ ያዘው።

ትናንት የአንዱን ወር ኪራይ ከፈልን። ሁለቱ ገና ነው።
አባቴ "ተከፍሏል"ን ከመስኮቱ አወረዳት፤
አቧራዋን እፍ ብሎ፣ ቀለም አስነክቶ፣ መዝገቡ ላይ መታት።
አጣሞ።
ዕድሜ ልኩን ቀርጿታል እንጂ መምታቷን አልለመደም።
ቀና ብሎ ወይዘሮ አልጣሽን አያት።
መነጽሯን ዝቅ፣ አንገቷን እንደ ማኅተሙ ዘንበል አድርጋ፣
"ይነበባል" አለች።