የማክሰኞ ድንጋይ

ልጄ ዳርሲ ሃያ ሞላው፣
ሰዓት ማንበብ ግን አልሞላለት፤
ትናንት የሄደበት መንገድ
ዛሬ ባዳ ሆኖ መጣበት።

የቤት ቁልፉን በቀይ ክር ካንገቱ ላይ አንጠልጥዬ፣
አውቶቡሱን በካርቶን ሥዬ፣ «አሥራ ስድስት ቁጥር» ብዬ
እሸኘዋለሁ። የዊኒፔግ በረዶ ይውጠዋል።
እኔ መስኮቱ ጋ እቀራለሁ፤ ትንፋሼ መስታወቱን ያለብሰዋል።

ዘጠኝ ወር ተሸከምኩት።
ሦስቱን ሳላውቅ ጠጣሁበት።
ይህችን ለማለት ብቻ
አሥራ ሰባት ዓመት ፈጀሁበት።
ሐኪሙ ቀና ሳይል ነበር «ስንት ብርጭቆ?» ብሎ የጠየቀኝ፤
ጣቱን ባይቀስርም፣ እስክሪብቶው ተቀሰረብኝ።

ማክሰኞ ማታ፣ ምድር ቤቱ ውስጥ፣ ከየሐይቁ ዳር የመጣን
ክሪዎች፣ ኦጂብዌዎች፣ ክብ ሠርተን ተቀመጥን።
የወንዝ ድንጋይ ይዞራል፤
ያልያዘው አፍ ዝም ይላል።
እኔ ጋ ሲደርስ ሞቆ ነበር፣ ስንት እናት ይዛው ቆይታ፤
ተናገርኩ። አንዲት እንኳ መሬት አላየች፣ ዓይኗን ከእኔ አንስታ።
ቨርናዲን ብቻ፣ በክሪ ቋንቋ «እህቴ» ብላኝ፣ ወንበሯን ስባ፣
ሳህኔን ደግማ ሞላችው፣ በሚጤስ የአጋዘን ሾርባ።

ከዚያ ወዲህ የልጄ ልቡና በሰፈሩ ተበተነ፤
የፌርማታው ነገር ከሹፌሩ ከሞሪሶ ዘንድ ሆነ፣
የሳንቲሙ ሒሳብ ከባለሱቋ፣ የምድጃው ከጎረቤት፤
ጓንቱ እንኳ፣ የግራው፣ ተገኘ ከቤተ መጻሕፍት።

ትናንት ማታ ገብቶ ጠየቀኝ፦ «ዛሬ ማክሰኞ ነው?»
«ሐሙስ ነው።»
ጫማውን ፈታ። «ዛሬ ማክሰኞ ነው?»
«ሐሙስ ነው፣ ልጄ።»
አራተኛው ላይ ከጎኑ ተቀመጥኩ፤
ድምፄን ሳልቀይር፣
እንደ መጀመሪያው መለስኩ።