መልስ

በቫልፓራይሶ ቤት ማለት ገደል ነው፤
ጠዋት ወደ ባሕሩ የሚያወርደን ያው
በሽቦ የታሰረ አሮጌ ሣጥን ነው።
ሠላሳ ዓመት ሙሉ መዘውሩን የያዘው
ኤሌውቴሪዮ ነው፤
አንድ ትከሻው ዝቅ፣ አንዱ ከፍ ያለ፣
ሳንቲሙን በጆሮው ቆጥሮ የተቀበለ፣
እፍ ብሎ መዳፉን ሳያሞቅ በፊት
መዘውር የማይነካ፣ ሰው ቢንጫጫበት።
ኮት ኪሱ ውስጥ ደግሞ፣ ሁልጊዜ፣ አንድ ሎሚ፤
ለምኑ እንደሆነ ጠያቂ የለ፣ ሰሚ።

እኔ ደግሞ ሌባ፤ ልብ ወለድ ጸሐፊ፣
ከአላፊ አግዳሚው ጠባይ ገፋፊ።
ትከሻውን ወሰድሁ። ሎሚውን ወሰድሁ።
ከአሣ ሻጯ ፊሎሜና ሳቋን፣
ከሟቹ አጎቴ ቁጣውን፣ ከፖስተኛው ቆቡን፣
ቀጣጥዬ ሰፍቼ "ባልታሳር" አልሁት፤
ወረቀቱ ላይ ቆሞ ሲተነፍስ ሰማሁት።
ዘጠነኛው ምዕራፍ፣
ታሪኩ ቢያስገድደኝ፣ ባሕር ውስጥ ጣልሁት።

በማግሥቱ ጠዋት በሣጥኑ ስወርድ፣
"ፊትሽ ምነው ዛሬ? መሰለሳ አመድ!"
አለኝ የገደልሁት፣ እጁን እፍ እያለ።
ድፍን ሺህ ፔሶ እጁ ላይ ጥዬ ሮጥሁ፤
"ኧረ መልስሽን!" ሲል ከኋላዬ ሰማሁ።
መልስ አልነበረኝም። ዞሬም አላየሁ።

መጽሐፉ ታተመ። እሱም ገዛ አሉ፤
ክረምቱን በሙሉ
በየጉዞው መሐል ጣቱ በፊደሉ
እየተንፏቀቀ፣ ገጽ በገጽ ዘለቀ።
ዘጠኝ የደረሰ ዕለት፣ እንጃ፣ ልቤ አወቀ፤
ገደሉ መሐል ላይ ሣጥኑን አቆመ፤
ከላይ ጭጋግ፣ ከታች ባሕር ተጋደመ።

"ይህን የሰጠመውን ሰውዬ አውቀዋለሁ፤
ታናሼ ነው፣ ኒካኖር" አለኝ፣ "እምላለሁ።
በሃያ ዓመቱ ነው መርከብ የተሳፈረው፤
ማዕበል ሲያዞረው የሚያሸተው ሎሚ ከኪሱ ያልጠፋው።
ሬሳም አላገኘን። እኔ ሎሚ ምይዝ፣
ትከሻዬን እንደሱ ጥዬ የምጓዝ፣
ጨርሶ እንዳይጠፋ ብዬ ነው።
አንቺ ግን... አንቺ የት አገኘሽው?"

ሽቦው ሲጢጥ ብቻ።
አለቀሰ መሰለኝ፤ ወይም ጉንፋን ነበር።
እጁን ኪሱ ከተተ፤ ሎሚ መስሎኝ ነበር፤
በመሐረብ ጫፍ የተቋጠረ ሳንቲም አወጣ፣
አንድ በአንድ፣ በጆሮው ቆጥሮ፣
መዳፌ ላይ አኖረው።
"ያኔ ጥለሽው የሮጥሽው ነው" አለ፤
"መልስሽ።"

ከዚያ እፍ አለና
መዘውሩን ያዘ።