ውሃ ልክ

ከሸዋ በር እስከ ጢጣ፣ መንገዱ ምንም አይደል ለእግር፤
ቶርኖ ለሚያዛውር ግን፣ ሌላ አገር ነው፣ ሌላ ምድር።
ሁለት ቶን ብረት ነው፣ ሲሠራ እንጂ ሲሄድ ያላየሁት፣
ሃያ ዓመት ከነጥርሱ፣ አንድ ጥግ ያቆምሁት።

አከራዬ «ልቀቅ» አለኝ፣ ቤቱን ለፎቅ ፈልጎታል፤
«እሺ» ማለቱስ ቀላል ነው፣ ጉልበቱ ከየት ይመጣል?
ጢጣ ላይ መጠለያ ሠራሁ፣ ቋሚው ሁሉ ባሕር ዛፍ፣
ጣሪያው አዲስ ቆርቆሮ፣ ገና በር የሌለው ደጃፍ፤
እግር እግሩን ከምስጥ ላድን፣ የተቃጠለ ዘይት ቀባሁት፤
ሲሚንቶው ስላነሰኝ፣ የቶርኖውን ቦታ ብቻ ሞላሁት።

ቅዳሜ በጠዋት ሰው መጣ፣ ሳልጠራውም የመጣ አለ፤
አራጌ ገመድ ይዞ፣ መሪጌታ ውባለም ልጁን አስከተለ፤
ከመስጊዱ በር ያሉት፣ ሦስት ጫኝ አውራጆች ጨመሩ፤
«ስንት ትከፍላለህ?» ሳይሉ፣ እጅጌ መጠቅለል ጀመሩ።

መኪናው ግን ከየት መጣ? ዳገቱን እያጓራ ወጥቶ፣
አንድ አይሱዙ ቆመ በሬ ላይ፣ ኋላውን ወደ እኛ ሰጥቶ፤
ሹፌሩ ሲወርድ አየሁት፣ ፂሙ ውስጥ ሽበት ጀምሯል፤
ጦይብ ነው።
በገዛ አፌ «ሌባ» ብዬ ያባረርሁት ልጅ አድጓል።

ሰላም አልሁት። ሰላም አለ። የጠራው አራጌ ኖሯል፤
እኔን ማን ይጠይቀኛል? ብረት ሊነሳ ቆሟል።
«አብሽር!» ሲል አራጌ፣ «አብሽር!» ሲሉ ሌሎቹ፣
ክሪኩ ጎኑን አነሳ፣ ቱቦ ገባ ከእግሮቹ።
ራሱ ጋ ይከብዳል ቶርኖ፣ እንደ ኩሩ ሰው ነው ነገሩ፤
አንዴ ካጋደለ አይመለስ፣ ቢለምኑ ቢመክሩ።

አንድ ክንድ ፈቀቅ ሲል፣ ከሥሩ ያለው ወለል ታየ፣
ሃያ ዓመት መጥረጊያ ያልነካው፣ ከብርሃን የተለየ፤
የብረት ፍቅፋቂ፣ ዘይትና አቧራ አጣብቆት የቀረው፣
አንድ ስሙኒ፣ የእርሳስ ጉማጅ፣ ብሎን ራሱ የተላጠው፤
ከዚያ መሐል ደግሞ፣ አፉን ከፍቶ የተኛ፣
ካሊፐሬ።
የጦይብ ዕዳ፣ የኔ ምስክር፣ የኔም ዳኛ።

ያኔ ዕድሜው አሥራ አምስት ነው። «ሽጠኸው ነው» አልሁት፤
የሁለት ወር ደመወዙን፣ በካሊፐሩ ዋጋ ያዝሁት፤
እናቱ አንሻ መጣች፣ «ልጄ አይነካም» ብላ ማለች፤
«እናት ሁሉ ትምላለች» ብዬ መለስሁላት። ሄደች።

አነሳሁት። ማንም አላየም፣ ሁሉም ከገመዱ ጋር ነው፤
አንድ ሰው ብቻ አየኝ፣ ከቱቦው ማዶ ያለው።
ኪሴ ልከተው እጄ ሄደ። እውነቱን ልናገር፣ ሄደ።
ከኪሴ አፍ ላይ ሲደርስ ግን፣ ክንዴ በድን ሆነ፣ ከበደ።
«ጦይብ...» ብዬ ስጀምር፣ «ቱቦ!» አለኝ፣ «ከፊት ቱቦ!»
ሰው ይጠብቀኝ ነበር፣ ብረቱን በትከሻው ከቦ።
ቱቦውን አቀበልሁት። ሌላ ምን አለኝ የማቀብለው?
ካሊፐሩን ቀበቶዬ ላይ ሻጥሁት፣ የፈለገ እንዲያየው።

መኪናው ዳገቱን ወጣ፣ በአንደኛ ማርሽ እየቃተተ፤
ዝናብ የለም፣ ጭቃው ግን ከትናንት ወዲያ የሰነበተ፤
እኔ ከላይ ቶርኖውን ይዤ፣ ልክ እንደ በሬ ቀንዱን፣
በመስተዋቱ ሲያየኝ አየሁ። አንዴ ብቻ። ከዚያ መንገዱን።

ጢጣ ስንደርስ ሰዓቱ፣ ለዙህር ጥቂት ነው የቀረው፤
ጣውላ አጋድመን በገመድ፣ እያረገብን አወረድነው።
አንዱን ቋሚ ገጨ፤ ባሕር ዛፉ ጮኸ፣ አልተሰበረም፤
ቆርቆሮው ተንቀጠቀጠ፣ ሚስማሩ ግን አልበረረም።

ሲሚንቶው ላይ ሲቀመጥ፣ «ውሃ ልኩ የት አለ?» ተባለ።
ረስቼው መጥቻለሁ። መሪጌታ ሳቁ፣ «ውሃውስ አለ!»
በብርጭቆ አምጥተው፣ አልጋው ላይ አኖሩልኝ፤
ወደ ምሥራቅ ያደላል። «ስንት ጎደለ?» ሲል ጦይብ ጠየቀኝ።
ካሊፐሩን ከቀበቶዬ መዝዤ ሰጠሁት፤
«ይኸው» አልሁ፣ «ለካ አንተ... ለካ እኔ...» ቃሉን አላገኘሁት።
በሸሚዙ ጫፍ ጠረገው፣ መንጋጋው ዝጎ ተንሿጠጠ፤
ቁጥሩን ሊያይ አጎነበሰ፣ ቁጢጥ ብሎ ተቀመጠ።
«አራት ሚሊ።» ሽብልቅ መታ። ውሃው ተስተካከለ።
ሌላ ምንም አላለ።

«የመኪናው ስንት ነው?» ብዬ፣ እጄን ወደ ኪሴ ስልክ፣
«የሁለት ወር ደመወዝ» አለ። ቀልድና ምሩን ልለይ ብል፣ አጣሁለት ልክ።
ሳልቆጥር አወጣሁ ብሩን፤ ሳይቆጥር ተቀበለኝ፤
አይሱዙውን አስነስቶ፣ በመስኮት «አብሽር ጋሼ» አለኝ።

ማታ ብቻዬን ቆየሁ፤ በሌለው ግድግዳ ንፋስ ይገባል፤
ብርጭቆው አልጋው ላይ ነው፣ ውሃው ቀጥ ብሎ ተኝቷል።
ሰኞ ሞተሩን አስነሳለሁ፣ መብራቱ ከመጣ።
ነገ ግን እሑድ ነው።
የአንሻ ቤት ሮቢት ነው፤ በእግር ምንም አይደል ከጢጣ፤
እኔ ግን ዞሬ እሄዳለሁ፣ የምለው ነገር እስኪመጣ።