ምንባብ ሰባት

ቡሬ፣ ከዘይት ፋብሪካው ጀርባ፣ ከቆርቆሮው ቤት፣
ረቡዕና ዓርብ ማታ፣ ከራት በፊት፣
ዘጠኝ ቻይናውያን፣ አስተማሪው እኔ፣
ድሮ ቅኔ ቤት ገብቼ የከሸፍኩ ባለቅኔ።
እንግሊዝኛዋ ለእነሱም ለእኔም የውሰት ናት፣
እንደ ጎረቤት ወንፊት ሠርተንባት የምንመልሳት።

መጽሐፍ የለንም። ከጤና ጣቢያ የተረፈ ወረቀት፣
ከባንክ የለመንኩት የብድር መጽሔት፣
ቆርጬ ለጥፌ “ምንባብ” አልኩት፤ ቁጥር ሰጠሁት።
ረቡዕ ስለ ጤና፣ ዓርብ ስለ ገበያ፣
ከሥሩ አምስት ጥያቄ፣ ለማስተዋል መለኪያ።

ዣኦ ፔንግ በያጅ ነው፤ ጣቱ ጠባሳ ብቻ።
“ር” ፊት ሲደርስ ምላሱ ገደል እንዳየች በቅሎ ይቆማል፤
የእኔው ደግሞ “ስኩል” ላይ ለመውጣት “እ”ን መሰላል ያደርጋል።
በዚያ ረቡዕ ቆሞ አነበበ፦ “ኔት ከወባ ይከላከላል።”
በመስኮቱ የፈጣም ነፋስ ከነትንኙ ይገባል።

ሉ ሺን፣ ሂሳብ ሹሟ፣ እጇን አወጣች።
“ላኦሺ” አለች፣ መምህር ማለቷ ነው፣ “ባለፈው ዓርብ ስናነብ
ኔት ትርፍ ነበር፤ ወጪ ሲቀነስ የሚቀር ገንዘብ።
ታዲያ ትርፍ ነው እንዴ አልጋ ላይ የሚሰቀለው?”
ዘጠኙም ሳቁ። እኔ ጠመኔዬን እንደያዝኩ ቀረሁ፤
ሃያ ዓመት ሆነኝ ከቅኔ ቤት ከወጣሁ፣
ያኔ ፈልጌ ያጣሁትን ኅብር እዚህ ቆርቆሮ ሥር አገኘሁ!
አንድ ቃል፣ ሁለት በር፤
በአንዱ እንቅልፍ ይገባል፣ በአንዱ ብር።
የኔታ ተገኝ ቢሰሙ፣ “ከፈረንጅ አፍ ቅኔ ቆጠርክ?”
ብለው በመቋሚያ ጫፍ ጎኔን ይነኩኝ ነበር።

ጥያቄ አራት፦ “የምንባቡ ዋና ሐሳብ ምንድን ነው?”
ሁሉም “ለ”ን ከበቡ። ልክ ነው። አሥር ከአሥር ሰጠኋቸው።

ዓርብ ዣኦ ቀረ። በሳምንቱም ወንበሩ ባዶ።
“ደሙ ታይቷል፣ ወባ ነው” አለችኝ አንጓች፣ የጤና ኬላዋ፣
ከጥቅምት ፀሐይ መጥታ፣ ደጃፌ ላይ ጫማዋን እያራገፈች።
“አጎበሩ ከነላስቲኩ ትራሱ ሥር ነው፣
እንደ አዲስ ጋቢ አጥፎ ነው ያስቀመጠው፤
ለእናቴ ስጦታ እወስደዋለሁ ብሎ ነው አሉ፣
ያ አሥር ከአሥር የሰጠኸው።”

ሳቅ መጣብኝ፤ አፈርኩ። የእኔስ አጎበር የት ነው?
ጓሮ ነው፤ የበርበሬ መደቤን ከዶሮ የሚጋርደው።
ነጋዴው እንየው በአጎበር ላይ ዛላ ሲያሰጣ አይቼ
“የዕውቀት ማነስ” ብዬ ለክፍሉ ምሳሌ ያደረግሁት
እኔው ነበርኩ፣ አፌን ሞልቼ።

በአሥራ ስድስተኛው ቀን መጣ፤ ቀበቶው ሁለት ቀዳዳ ገብቷል።
የዓርብ ምንባብ ነበር፤ ገቢ፣ ወጪ፣ ኔት። እርሳሱን ስሏል።
ጻፈ፦ ያልተሠራ ቀን፣ አሥራ ሦስት።
የጎደለ ኪሎ፣ አምስት።
ኪኒን፣ በነፃ።
የአንጓች መንገድ... “ይህን ስንት ልበለው?” አለኝ።
አላወቅሁም።
ከሥሩ ሁለት መስመር አሰመረ፣ ሉ ሺን እንዳሳየችው፣
“ኔት፦” ብሎ ጥቂት ቆየ። “አንድ ሰው።”

ሰዋስዉ ልክ ነው ወይ ብሎ ቀና አለ።
ከሀ እስከ መ ፈለግሁ፤ እንዲህ ያለ መልስ የለ።

ያን ማታ በባትሪ መብራት አጎበሬን ከመደቡ ገፈፍኩ፣
አጠብኩት፤ ቀዳዳውን ቆጠርኩ፤ ሃያ ሰባት፤ በነጭ ክር ጀመርኩ።
ጠዋት ዶሮዎቹ በርበሬውን ፈጁት።
እሱንም ወጪ በሉት።