በሩ ብቻ

ዘንድሮ ሐዋሳ ላይ አንድ ዘፈን ነግሧል፤
ባጃጁ ሁሉ ጭኖት ከአሞራ ገደል መናኸሪያ ይመላለሳል።
ስለ ቤት ነው ግጥሙ፤ አባት ዳቦ ይዞ ከች ሲል ሲመሽ፣
እናት እጅ ስታስታጥብ፣ ልጅ ስትል «እማ፣ ላጉርስሽ!»

«የማንን ቤት አይቶ ነው?» ይላል ላታሞ፣
ነዳጅ ሰልፍ ላይ ከንጋት ቆሞ።

እኔ ማታ ፋብሪካ ነኝ፤ እጅጌ እሰፋለሁ
ለማላውቀው ሰው ክንድ።
ጠዋት ዓይኔ ቀልቶ ስደርስ
እሱ ባጃጁን አስነስቶ፣ በር ላይ እንገናኛለን።
«ልጅቷ ሌሊት ስትስል ነበር።»
«የኋላው ጎማ ንፋስ ይፈልጋል።»
«ሽሮው ጨው በዝቶበታል፣ ውሃ ጨምሪበት።»
ቁልፉ ከእጁ እጄ ይገባል፣
እንደሞቀ።

ትናንት በጸሎት፣ የግራ ጫማዋን በቀኝ አጥልቃ፣
ያንኑ ዜማ ይዛ፣ ቃሉን ለውጣ፦
«እማ ስትገባ አባ ይወጣል፣
በሩ ብቻ ሁለቱን ያውቃል።»

ልስቅ አልኩና ጉሮሮዬ ላይ ቀረ።
ላታሞ ሞተሩን አጠፋ።
ደፉ ላይ ተቀመጥን፣ ሦስታችንም፣
ጨው የበዛበትን ሽሮ መሐል አድርገን።
እኔና እሱ አልተጎራረስንም፣ አፈርን መሰለኝ፤
እሷ ግን በየተራ፣ እየቆጠረች።

ሰልፉ እንደሆን ይረዝማል።
ይርዘም።