የጨለማ ሒሳብ

ከማዘጋጃ ቁልቁል፣ ከሰዓት አዳሹ ጎን፣
በጠባቧ በር ገብቼ አስረከብኩት ጥቅሉን።
ጋሽ ይርዳው መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣
በእርሳስ ቁጥር ጻፈ ወደ ጎን ዘንበል ብሎ።
«ማጠቢያ ስድስት መቶ።
ኅትመት ለብቻው ነው።
ማክሰኞ ና።»
(የትኛው ማክሰኞ እንደሆነ
እኔ ጠይቄ አላውቅ፣ እሱም ነግሮኝ አያውቅ።)

ስድስት መቶ!
ወደ እሪ በከንቱ ስወርድ ቁጥሩ አብሮኝ ወረደ።
ማታ በካሬ ወረቀት መሐል መስመር አሰመርኩ፣
የሱን በግራ ጻፍኩ፣ የኔን በቀኝ ደረደርኩ፦

ዴቨሎፐርና ፊክሰር፣ አራት ሺህ ሁለት መቶ፤
የመርዕድ እጮኛ ሆስተስ ናት፣
ከዱባይ በሻንጣዋ፣ በሹራብ ጠቅልላ ያመጣችው።
ጥቁር ጣሳ ከነመጠቅለያው፣ ያገለገለ፣ ሁለት ሺህ።
ቴርሞሜትር፣ ከነርሷ ከስንቅነሽ፣ በውሰት፤
ግን ከሠላሳ አምስት በታች አያነብም፣ የሰው ነው፤
ፊልም ትኩሳት አይወድም፣ ሃያ ላይ ነው ጤናው።
በክርኔ ለካሁ፣ እንደ ሕፃን ገላ ውኃ።
ውኃው ሦስት ጀሪካን፣ ስልሳ ብር በየጥቅሉ፣
ሐሙስ ያመለጠው እሑድን ይጠብቃል በባልዲ።
የመስኮት መጋረጃ፣ ያው የምለብሰው ብርድ ልብስ።
ጨለማ፣ በነጻ!
መብራት ኃይል ዕድሜ ይስጠው፣
በሳምንት ሁለት ማታ ሰፈሩን ጠቅላላ
ጨለማ ክፍል ያደርግልኛል፣ ቆጣሪም አይዞርበት።

ደመርኩ፣ ቀነስኩ፣ አካፈልኩ።
አሥራ ሁለተኛው ጥቅል ላይ ቀኙ ግራውን ይረታል።
አሥራ ሁለት፣ እንደ ሐዋርያት።
ከአሥራ ሁለት አንዱ መክዳቱን
በካሬው ወረቀት ላይ ማስፈር ረሳሁ።

የመጀመሪያው ጥቅል ውስጥ እሱ ራሱ ነበረ።
አርባ ዓመት የሰው ፊት ሲያጥብ
የራሱን አንዴ አላነሳም፤
በሩ ላይ ቀይ ቀለም የተቀባ ዕለት ግን
«ሳይፈርስ አንሳኝ እስኪ» አለኝ፤ ኮቱን ቆለፈ፣
ከባንኮኒው ኋላ ቆመ፣
እጁን የት እንደሚያደርገው ጠፋበት።

ታዲያ ለምን ለሱ አልሰጠሁትም?
ላስደንቀው ብዬ ነው እላለሁ፣ ሰው ሲጠይቀኝ።
ስድስት መቶ ብር ነው።

እሱ እንዳስተማረኝ ቆጠርኩ፣ በሰዓት ሳይሆን በጸሎት፦
አንድ አቡነ ዘበሰማያት፣ ጣሳውን ሁለቴ መገልበጥ።
«ከቸኮልክ ይሳሳል፣ ካንቀላፋህ ይጠቁራል፣
ፊልም እንደ ቄስ ነው፣ የተዘለለ ቃል ያውቃል።»
ስምንተኛው ላይ፣ «ኢታብአነ» ብዬ «መንሱት» ሳልደርስ፣
መብራት መጣ።
ግቢው ባንድ አፍ «እሰይ!» አለ፣
ሕፃናቱ አጨበጨቡ፣ የማን እንደሆነ የማላውቀው ሬዲዮ
ካቆመበት ወሬ ቀጠለ።
ያገለገለው ጣሳ ክዳኑ ስንጥቅ ነበረው።
የሰፈሬ ስም ያን ማታ ገባኝ።

ፊልሙ ከል ለበሰ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ለማለት ምንም አልቀረው።
መሐል የተጠቀለለች አንዲት ክፈፍ ብቻ፣
ግማሽ ኮት፣ የባንኮኒ ጠርዝ፣
እርሳስ የያዘ እጅ።

ይዤለት ሄድኩ። ወደ አምፖሉ አንጋጦ አየው።
«ማነው ያጠበው?»
«እኔ።»
አልሳቀም፣ አልተቆጣም፤ ጣቱን ከፊልሙ ጣት ጋር ለካ።
«ኅትመት ሰማንያ ብር» አለና ጻፈልኝ።
«ማክሰኞ ና።»

አሁን ዘጠነኛው ጥቅል ላይ ነኝ። ክዳኑን በጎማ አሽጌዋለሁ፣
ሦስት ሲጨመር አተርፋለሁ፣ ወረቀቱ እንደሚለው።
ማክሰኞ ማክሰኞ በቆርቆሮው አጥር ሳልፍ
ኪሴን እዳብሳለሁ፤ ደረሰኙ አለ፣
ሰማንያዋ ግን እየደበዘዘች ነው፤
እርሳስ ፊክሰር የለውም።